ከቤት እስከ እንጀራ ስንት ደቂቃ ነው? (ኮምቦልቻ ላይ በተደረገ የነዋሪዎች ውይይት የቀረበ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ?

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ምርቃታችሁን ተቀብያለሁ። አሚንም አሜንም ብያለሁ። ወጣቶች፣ ከኋላ የቆማችሁት፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። የባጃጅ ወንድሞቼ፣ በር ላይ አትቁሙ እንጂ፣ ግቡ። ዛሬ የሚወራው የናንተም ጉዳይ ነው። ግቡ፣ ግቡ።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚህ ከተቀመጠው ሰው ስንቱን ጂኦግራፊ አስተምሬዋለሁ! መንገድ ላይ "ቲቸር" ብላችሁ ስትጠሩኝ ዛሬም ደስ ይለኛል። የተወለድኩት ደሴ ነው። የኖርኩት ኮምቦልቻ ነው። ዳገቱንም ሜዳውንም በእግሬ አውቀዋለሁ።

ለምን እንደተጠራን ግልጽ ነው። ባለፈው ስንሰበሰብ በዋናው መንገዳችን ግራና ቀኝ የብስክሌት መስመር ይውጣ ተባለ። ባለሱቆች "ደጃችን ሊዘጋ ነው" አላችሁ። ባጃጆች "ሰው የምናነሳበት ቦታ ሊወሰድ ነው" አላችሁ። ወጣቶች ደግሞ "ከተማው ይዘምን እንጂ!" አላችሁ። ይሄ ሳያልቅ በየሰፈሩ ፎቅ ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለው መጣ። በመጨረሻ አንድ ወንድማችን ተነስቶ "ይሄ ሁሉ የአየር ንብረት የሚሉት የፈረንጅ ወሬ ያመጣብን ጣጣ ነው" አለ። ከዚያ በኋላ ማን ማንን ሰማ? ጮኸን ጮኸን ተበተንን።

እኔ ዛሬ ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ መንገዱን። ሁለተኛ፣ ቤቱን። ሦስተኛ፣ ዝናቡን። እስካሁን ያልተግባባነው ሦስቱን ለየብቻ ይዘን ስለተጣላን ይመስለኛል። ለኔ ሦስቱም አንድ ጥያቄ ናቸው። ሰው ከቤቱ ተነስቶ እንጀራው ያለበት ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ለመድረስስ ምን ይከፍላል? ይቺን ጥያቄ ያዙልኝ።

አንደኛው መንገዱ ነው።

ስለ አንዲት ልጅ ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም። ግቢዬ ውስጥ ካሉት ሰርቪስ ቤቶች አንዱን ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ነበር። ከገጠር ነው የመጣችው። ፋብሪካ ትሠራለች። ለሥራዋ ቀረብ ያለው ሰፈር ኪራዩ ስላልተቻላት ነው እኔ ጋ የገባችው። ከኔ ቤት እስከ ሥራዋ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባጃጅ በየቀኑ ልትይዝ? ደሞዟ አይችልም። ስለዚህ በእግሯ ትሄዳለች። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ የበሯ ማጠፊያ ሲንጫጫ እሰማለሁ። ማታ ስትመጣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክራለች። አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። አትናገርም። ደክሟታል።

አንድ ቀን ዕቁብ ደረሳት። ብስክሌት ገዛች። ያገለገለ፣ ቀይ፣ የኋላ ፈረፋንጎው የተጣመመ። ግቢ ውስጥ፣ በልብስ ማስጫው ገመድ ስር እየዞረች ተለማመደች። ሰፈሩ አጉረመረመ። "ሴት ልጅ ሳይክል ትነዳለች እንዴ?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር። በብስክሌት ሥራ በሄደችበት የመጀመሪያው ቀን ማታ መጥታ ምን አለችኝ መሰላችሁ? "ቲቸር፣ ዛሬ ቁርስ በልቼ ሄድኩ።"

ቁርስ በልታ ሄደች! ሌላ ነገር አልነገረችኝም። ፍጥነቱን አላወራችም፣ መዘመኑን አላወራችም። አንድ ሰዓት ከሩብ የነበረው መንገድ ሃያ ደቂቃ ሆነና ለቁርስ ጊዜ አገኘች።

ሐምሌ ላይ ነው የወደቀችው። ዝናቡ እያካፋ ነው። ከኋላዋ ተሳቢ መጣና ክላክስ አደረገ። ደነገጠች። ወደ ዳር ልትወጣ ስትል ዳር ላይ ሚኒባስ ቆሟል። ከሚኒባሱ ባሻገር ያለው ክዳን የሌለው ዲች፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ነው። እሱ ውስጥ ገባች። ሰዎች ሲያወጧት የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሯል። ግራ እጇ ግን መሪውን እንደያዘ ነው፤ አልለቅም አለች። ወጌሻ አሰራት። ወር ከአሥራ አምስት ቀን ሥራ አልገባችም። ከዚያ ብስክሌቷን ለጎሚስታው ሸጠች። የሸጠችበትን ብር ለትራንስፖርት አድርጋ አገሯ ገባች።

አሁን ልጠይቃችሁ። ጥፋተኛው ማን ነው? የተሳቢው ሾፌር? እሱ መንገዱ ላይ ነው። የሚኒባሱ ሾፌር? እሱም የሚቆምበት ሌላ ቦታ የለውም። ልጅቷ? ወደ ሥራዋ ነው የምትሄደው። እኔ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። እዚያ መንገድ ላይ ለጭነት መኪናው ቦታ ነበረው። ለሚኒባሱ ቦታ ነበረው። ለጎርፉ እንኳ ቦታ ነበረው። ለሷ ነው ያልነበረው።

ሰው በእግሩ በሃያ ደቂቃ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይሄዳል። በብስክሌት አምስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አንድ የቤት መኪና በሚቆምበት ቦታ አሥር ብስክሌት ይቆማል። ባለሱቆች፣ ይቺን ሂሳብ ልብ በሉልኝ። አሥር ብስክሌት ማለት አሥር ደንበኛ ነው።

ግን ሐቁን ልናገር። ባለሱቆች የተናገራችሁት ውስጥ እውነት አለ። ሲሚንቶ የሚሸጥ ሰው ዕቃው የሚራገፍበት ካጣ ምን ይሁን? እህል የሚሸጥስ? መስመሩ ወጥቶ የማራገፊያ ሰዓት ካልተወሰነ በስተቀር መኪናው መስመሩ ላይ መቆሙ አይቀርም። ስለዚህ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ይራገፍ። ከዚያ በኋላ ይለቀቅ። ባጃጆችም እውነት አላችሁ። በየውስጥ መንገዱ አፍ ላይ ሦስት ሦስት ባጃጅ የሚቆምበት ቦታ ተለክቶ ይሰጣችሁ። መስመሩ ሲነደፍ አብሮ ይነደፍ። "በኋላ እናየዋለን" የሚባል ነገር አትቀበሉ። እኔም አልቀበልም።

ደግሞ ዲቹን አስቡት። በሁለቱም ዳር አፉን ከፍቶ የተኛው ዲች ስንት ሜትር ይወስዳል? ቢከደን ለእግረኛ ይሆናል። እግረኛው ወደዚያ ሲወጣ ለብስክሌቱ ቦታ ይገኛል። የማንም ደጅ ሳይነካ! ክዳኑ ግን የሚነሳ ይሁን። ከክረምት በፊት ደለሉ ካልተጠረገ ውሃው ሱቃችሁ ውስጥ ነው የሚገባው።

ሌላው ዛፍ ነው። ግንቦት ላይ የኮምቦልቻን ፀሐይ የምታውቁት ናችሁ። ጥላ የሌለው የብስክሌት መንገድ ለፎቶ ካልሆነ ለምንም አይሆንም። መንገድ ለማስፋት ብሎ የቆመ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ብስክሌት ነድቶ አያውቅም ማለት ነው።

ቀለምም ብቻውን መንገድ አይሆንም። አስፓልት ላይ የተቀባ መስመር ተሳቢ አያቆምም። ከፍ ያለ ጠርዝ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ላይ በ2011 "መንገድ ለሰው" ተብሎ በተወሰኑ ቀናት መንገድ ለመኪና እየተዘጋ ሰው ወጣ፣ ሮጠ፣ ብስክሌት ነዳ። በ2012 የትራንስፖርት ሚኒስቴር ለእግረኛና ለብስክሌት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አወጣ። ከ2016 ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት ሲመጣ የብስክሌት መስመር አብሮ ተሠራ። ጥሩ። ግን ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆንብን። እኛ የራሳችን መንገድ አለን፣ የራሳችን ተሳቢ አለን፣ የራሳችን ገበያ ቀን አለን። የሌላ ከተማ ፕላን አምጥቶ እዚህ መለጠፍ አይሆንም።

ስለ ደሴ የጠየቀኝ ሰው ነበር። "ቲቸር፣ ደሴ ላይስ ብስክሌት ያዋጣል?" አለኝ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ነው። በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር በማትሞላ ርቀት ውስጥ ይሄን ያህል ልዩነት! ጦሳ ተራራ ስር ያደገ ልጅ ብስክሌት ከመንዳት መሸከም ይቀለዋል። ለደሴ ዳገቶች እኔ የምለው ደረጃ ነው። መደገፊያ ብረት ያለው፣ በክረምት የማያዳልጥ፣ ማታ መብራት ያለው ደረጃ። እናቴ በየሳምንቱ ሰኞ ገበያ ወርዳ ያንን ሁሉ ዕቃ ይዛ ስትወጣ አንድ መደገፊያ ብረት ቢኖር ስንቴ ታርፍበት ነበር! ለሜዳው ብስክሌት፣ ለዳገቱ ደረጃ። ያው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ሰው እንዴት ይድረስ?

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ቤቱ።

ያቺ ልጅ ለምን አምስት ኪሎ ሜትር ራቀች? ቅርብ ቤት ስላጣች ነው። ለምን ጠፋ? ከተማችን ወደ ጎን ብቻ ስለሚያድግ ነው። በልጅነታችሁ ማሽላ ስትጠብቁበት የነበረው ሜዳ ዛሬ ምን ሆነ? ቦታ ተመርቶ አጥር ታጥሯል። ገሚሱ ገና ቤት እንኳ አልተሠራበትም። ገበሬው ካሳውን ተቀብሎ፣ ብሩን ጨርሶ፣ ልጁ ያንኑ መሬት በጥበቃ ተቀጥሮ ይጠብቃል። ይሄን ስናገር ያመኛል።

ሂሳቡን ሰሌዳ ላይ እንደማደርገው ላድርገው። አንድ ሄክታር አሥር ሺህ ካሬ ነው። ሲሶውን ለመንገድ አውጡ። ቀሪውን ሁለት መቶ ሁለት መቶ ካሬ ስታካፍሉት ሠላሳ ሦስት ቤተሰብ ይገባበታል። ያው ቦታ ላይ ቤቱ ጂ ፕላስ ቱ፣ ማለትም ከምድሩ ወለል ላይ ሁለት ፎቅ ያለው፣ ቢሆን መቶ ገደማ ቤተሰብ ይገባል። ማሽላው ሳይነካ! የውሃ መስመሩ፣ የመብራት ምሰሶው፣ ኮብልስቶኑ፣ ሁሉም በዚያው ያጥራል። ከተማው ሲያጥር ያቺ ልጅ ቁርስ በልታ ትሄዳለች።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። እናቶች ፊታችሁ ላይ አይቼዋለሁ። "ፎቅ ላይ በርበሬ የት ይሰጣል? በግ የት ይታረዳል? ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን የት ይተከላል?" ትክክል ናችሁ። ይሄ የሠለጠነ ያልሠለጠነ ጉዳይ አይደለም። ኑሯችን ነው። ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ይሄ ስለታወቀ ለጋራ መገልገያ የሚሆን ቤት በየግቢው ይሠራ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው እሱ ይሁን ነው የምለው።

ከራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ከስንት ዓመት በፊት ከቤቴ ላይ አንድ ፎቅ ልጨምር ፈለግኩ። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ነው። ኪራይ ይሆነኛል፣ ለሌሎችም ቤት ይሆናል አልኩ። ጎረቤቴ ሐጂ ተቃወሙ። ሠላሳ ዓመት ቡና የተጠራራን ሰዎች ነን! ተኮራረፍን። የኔ ልጅ የሳቸውን ልጅ መንገድ ላይ ሲያገኘው አንገቱን አዞረ። ሐጂ ለሰው ሲነግሩ "ፀሐይ ትከለክለኛለች" ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ቅናት ነው ብዬ ደመደምኩ። ስድስት ወር በዚህ ሄድን።

ሽማግሌ ገባ። ሁለት ከነሱ፣ ሁለት ከኛ፣ አንድ ከመሐል። እኔ ፕላኑን ዘረጋሁ። አንደኛው ሽማግሌ ጣታቸውን አንዲት መስኮት ላይ አሳረፉና "ይቺ ወዴት ታያለች?" አሉኝ። ተነስቼ አየሁ። ሐጂ ግቢ ውስጥ ጥግ ላይ አንድ የድንጋይ መቀመጫና ጀበና መሳይ የውሃ ዕቃ አለ። ባለቤታቸው በቀን አምስት ጊዜ ቁጭ ብለው ውዱእ የሚያደርጉበት፣ ለሶላት የሚታጠቡበት ቦታ ነው። የኔ መስኮት የሚያየው እሱን ነው። ሐጂ ይሄን ለሰው አውጥተው መናገር አፍረው ነው ፀሐይ ሲሉ የከረሙት!

ያን ቀን አለቀስኩ። ሴት ሆኜ እንዴት አላየሁትም? መስኮቷን ወደ መንገዱ አዞርን። ደረጃውን በኔ በኩል አደረግን። ፎቁ ተሠራ። ዛሬ ሁለት ቤተሰብ ይኖርበታል። ዛሬ ጠዋትም የሐጂ ባለቤት ቡና ጠርተውኝ ነው የመጣሁት።

ይሄን የማወራው ለምንድን ነው? እዚህ አዳራሽ ውስጥ "ፎቅ አልፈልግም" የሚል ሰው ሁሉ አንድ መስኮት አለው። "የብስክሌት መንገድ አልፈልግም" የሚልም አንድ መስኮት አለው። ያንን መስኮት ሳንጠይቅ ስም አንለጥፍ። "ኋላ ቀር" አንባባል። ለፕላን ባለሙያዎቻችንም ልመናዬ ይሄው ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ሰው ግቢ ግቡ። ቡና ጠጡ። መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ እዩ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። "ጠጋ ጠጋ ብለን እንኑር" ማለት ድሃውን ከመሐል ከተማ አንስቶ ዳር መጣል ማለት አይደለም። ሰፈር ፈርሶ ፎቅ ሲሠራ፣ ሰፈሩ ውስጥ ጉሊት የምትሸጠው ሴት ሰባት ኪሎ ሜትር ከሄደች ምኑን ተጠጋጋን? አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መልሶ በሚለማ ቦታ ላይ ያለ ባለይዞታ የማልማት ቅድሚያ አለው ይላል። ይሄን መብታችሁን እወቁ። አምስት ጎረቤት ተስማምታችሁ ይዞታችሁን አጣምራችሁ አንድ ላይ መሥራት ትችላላችሁ። ዕድር ያቋቋመ ሕዝብ፣ ዕቁብ የሚጥል ሕዝብ ይሄ ያቅተዋል? አያቅተውም!

ሦስተኛው ዝናቡ ነው። ወንድሜ፣ የፈረንጅ ወሬ ነው ያልከው፣ የት ነህ? አለህ? አብሽር፣ ልቆጣህ አይደለም። ግማሹ እውነት አለው። መላው አፍሪካ ወደ ሰማይ የሚለቀው ጭስ ከዓለም ከመቶ አራት እጅ አይሞላም። የኛ አገር ደግሞ ከዚያም ውስጥ ትንሽ ናት። ኮምቦልቻ ሁሉ ብስክሌት ቢነዳ የዓለም ሙቀት አይወርድም። ይሄን ደብቄ አላስተማርኳችሁም፣ አሁንም አልደብቅም።

ግን ዝናብ ሲቀር መጀመሪያ የሚቀረው ማን ላይ ነው? በ1965 የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ገጠሩ ቤቱን ዘግቶ በእግሩ ወደ ደሴ መጣ። እናቴ ቆሎ ቆልታ በር ላይ በሰፌድ ታስቀምጥ ነበር። አንዲት ሴት ከሰፌዱ አፈስ አድርጋ አፏ ውስጥ ከተተች። ዋጠችው ብዬ አየኋት። አልዋጠችም። አላምጣ አላምጣ፣ ከአፏ አውጥታ ለልጇ ሰጠችው። ለራሷ አልተረፋትም። የዚያን ጊዜው መንግሥት ረሃቡን ደበቀው። በ1977 እንደገና መጣ። በ2008 በኤልኒኖ ምክንያት ዝናቡ ተዛብቶ በአገራችን ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ጠበቀ። በ2013 ጥቅምት ላይ አንበጣው የደረሰ ማሽላችንን ከነአገዳው ሲበላው ቆርቆሮ እየመታን ያባረርነው እኛ ነን። በልግ የሚዘራው ደጋው ወገናችን ዛሬ በልግን እንደ ድሮው ያምነዋል? ጠይቁት።

እንግዲህ ይሄ ለወሎ ሰው ወሬ ነው? አይደለም።

የዝናቡ ነገር ከቤታችንም ጋር ይገናኛል። ደሴ ላይ ከቤታችን ጀርባ አንድ ቦረቦር ነበር። በየክረምቱ አንድ ሁለት ክንድ ወደ ቤታችን ይጠጋል። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በእርምጃ ይለካው ነበር። ደሴ መሬቷ የሚንሸራተት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቤት ያጣ ሰው ግን ገደሉ ጠርዝ ላይም ይሠራል። እዚህም ቦርከና ወንዝ ዳር ይሠራል። የደሴ ዳገት ላይ የወረደው ውሃ ደግሞ በቦርከና በኩል ወደኛ ነው የሚመጣው። ለሰው መሐል ላይ ቤት ካልሰጠነው ጎርፉ ደጅ እየላክነው ነው።

ባጃጅ ወንድሞቼ፣ እናንተን ሳልጠቅስ አላልፍም። ቤንዚን ወረፋ ላይ የምታድሩትን አይቻለሁ። ነዳጃችን በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ነው የሚመጣው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ድጎማው ቀስ በቀስ ሲነሳ ቆይቷል። የቤንዚን የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ተከልክሏል። መብራታችን ግን ከሞላ ጎደል ከውሃና ከነፋስ ነው። የአባይ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። የኤሌክትሪክ ባጃጅ የሚገዛበት ብድር፣ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ፣ ይሄን አብረን እንጠይቅ። እኔ ከናንተ ጋር እፈርማለሁ። ብስክሌቱ ጠላታችሁ አይደለም። አምስት ኪሎ ሜትር በእግሯ የምትሄደዋ ልጅ ዱሮም ደንበኛችሁ አልነበረችም።

አሁን የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ገበያው ሳይሞላ፣ መንገዱ ላይ እንገናኝ። ከባለሱቆች ሁለት ሰው፣ ከባጃጅ ሁለት፣ ከወጣቶች ሁለት፣ ከእናቶች ሁለት። የፕላን ባለሙያዎቹም ይምጡ። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር እንለካዋለን። ዲቹን እንለካለን። የት ይራገፋል፣ የት ባጃጅ ይቆማል፣ የት ዛፍ አለ፣ በኖራ እናሰምራለን። ያቺ ልጅ የወደቀችበትንም ቦታ አሳያችኋለሁ። ዲቹ ዛሬም ክዳን የለውም።

የመለኪያ ሜትሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ሃምሳ ሜትር ነው፣ ከማስተምርበት ጊዜ ጀምሮ ያለኝ ነው። ኖራውን ማን ያመጣል? እዚያ ጋ እጅ አየሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ልጅ።

እኔ ጨርሻለሁ። ባለፈው ንግግራቸውን ሳይጨርሱ የተበተኑት የባጃጅ ወንድሞቻችን ናቸው። ማይኩን መጀመሪያ ለነሱ ስጡልኝ።